የምታውቀው ግርማይ ያንተ አይደለም፤ ያንተውን አታውቀውም

ወዳጄ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉግል ሳታደርግ መልስልኝ። ግርማይ የሚባል ብስክሌተኛ ታውቃለህ?

"ቢንያም ነዋ!" አልክ አይደል? ጠብቄው ነበር። ፅጋቡ ግርማይንስ? የመቀሌ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። አንደኛውን ግርማይ ፕሮፋይልህ ላይ ለጥፈኸዋል፣ ሁለተኛውን በስም እንኳ አታውቀውም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። እህቴ፣ አጻጻፌ ወደ ወንድ ቢያደላም አንቺንም ይመለከትሻል።

ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። አመሻሹ ላይ ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በአንድ ፎቶ ተጥለቀለቀ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ከፒያቼንዛ እስከ ቱሪን የተካሄደውን የቱር ደ ፍራንስ 3ኛ ስቴጅ አሸነፈ። በቱሩ ታሪክ ስቴጅ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። 8ኛውንና 12ኛውንም ደገመ። ውድድሩ ኒስ ላይ ሲያልቅ አረንጓዴውን ማሊያ እንደለበሰ ነበር። ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚኮራበት ድል ነው፣ እኔም ኮርቻለሁ። እዚህ ላይ ጠብ የለንም።

ጠቡ ኮሜንቱ ላይ ነው። ግማሻችን "ደሙ የኛ ነው፣ ድሉም የኛ ነው" ብለን ባንዲራችንን ከጎኑ ደረደርን። ግማሻችን ደግሞ የልጁን አገር እየጠራን ስድብ አወረድን። ሁለቱም ወገን "አገር ወዳድ ነኝ" ይላል። እኔን ከጠየቅከኝ ሁለቱም የራሳቸውን ባዶ እጅ ላለማየት ሰው እጅ ላይ ያፈጠጡ ናቸው። ደም መጋራታችን፣ ባህል መጋራታችን እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ደም ብቻውን ግን ዳገት አይወጣም። ድሉ የሚሆነው ላሳደገው ነው።

እስቲ እውነቱን እናውራ። ያን ቀን ውድድሩን አይተኸዋል? ወይስ የመጨረሻዋን 10 ሰከንድ ቲክቶክ ላይ? እኛ ሰፈር ጀሞ ካፌው ሁሉ የማታውን የፈረንሳይና የቤልጅየም የዩሮ ጨዋታ ነበር የሚጠብቀው። እኔ በስልኬ፣ ዳታዬን እየሰሰትኩ፣ አንዳንዴ ምስሉን ዘግቼ ጽሑፉን እያነበብኩ ተከታተልኩ። ዲግሪ ይዞ ሥራ የፈታ ሰው ምን አለው? ጊዜ አለው። ውድድሩ ደግሞ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጅቷል።

ላልተከታተለ ላስረዳ። ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ 21 ስቴጅ አለው፣ አንድ ስቴጅ ማለት የአንድ ቀን ውድድር ነው። የዚያ ዓመቱ ጠቅላላ ርቀት 3,498 ኪሎሜትር ነበር። 3ኛው ስቴጅ ብቻውን 230.8 ኪሎሜትር፣ ከሁሉም ረጅሙ። 22 ቡድን፣ በየቡድኑ 8 ሰው። ለብዙ ሰዓት ምንም የሚሆን አይመስልም፣ ያሰለቻል። ሥራው ያለው ግን እዚያ አሰልቺው ውስጥ ነው። ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ከፊት ሆኖ ንፋስ ከሚሰብረው ይልቅ ጉልበቱን በሲሶ ያህል ይቆጥባል። ስለዚህ አንዱ እንዲያሸንፍ ሰባቱ ንፋስ ይሰብሩለታል። ወደ ኋላ ቀርተው ከቡድኑ መኪና የውሃ ኮዳ ይቀበላሉ፣ ማሊያቸው ውስጥ ሸክፈው ያመጡለታል። ጎማው ቢተነፍስ የራሳቸውን ይሰጡታል። ማብቂያው ሲቃረብ አጅበው ከፊት ያስቀምጡታል። ያን ቀን ጥቂት ኪሎሜትር ሲቀር አደጋ ተፈጠረ፣ ከፊት የነበሩት ተረፉ። ቢንያም ራሱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ጂሮ ዲ ኢታሊያ ላይ፣ በ4ኛው ስቴጅ ወድቆ ውድድሩን ያቋረጠ ልጅ ነው። አንተ ያየኸው እጁን ሲያነሳ ብቻ ነው።

ያን ልጅ ማን አሳደገው? አስመራ። ብስክሌቱን ያመጣው ቅኝ ገዢው ጣሊያን ነው። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ የራሱ አደረገው። ጦርነትም ድህነትም ተፈራረቀበት፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰው ግን አልጠፋም። ዳንኤል ተክለሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ2015 ቱሩ ላይ የተራራ ወጪዎችን ባለ ነጠብጣብ ማሊያ ሲለብስ ቢንያም የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ገባህ? አንዱ ትውልድ ለሌላው ንፋስ ሰብሮለታል። አንተ ያልዘራኸውን አጨድኩ አትበል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። "ብስክሌት የኛ ስፖርት አይደለም" የምትለኝ ካለህ ታሪክህን አታውቅም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ነው። አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት ማለት ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ብስክሌተኞች ነበሩን፣ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ሯጮቻችንን ዓለም ሳያውቃቸው ብስክሌተኞቻችን ባንዲራውን ተሸክመው ነበር።

ፅጋቡ ደግሞ ጂሮውን በ2015፣ ቱሩን በ2016፣ በኋላም የስፔኑን ቩዌልታ ተወዳድሯል። በዓለም ላይ ያሉትን ሦስቱንም የሦስት ሳምንት ውድድሮች ማለት ነው። ሥራው በአብዛኛው ያ ከላይ ያልኩህ ነበር፦ ለጓደኛ ንፋስ መስበር፣ ኮዳ ማመላለስ። ላቡ ብዙ፣ ፎቶው ጥቂት የሆነ ሥራ። ያኔ ስንቶቻችን አንድ ስቴጅ አብረነው ዋልን? ስንቶቻችን ስሙን ፖስት አደረግን?

ከዚህም የባሰ አለ። ብስክሌት በአገራችን በደንብ ሥር የሰደደው ትግራይ ነው፣ ጦርነቱ የበላውም ያንኑ ምድር ነው። ቢንያም አረንጓዴውን ማሊያ በለበሰበት በዚያው ክረምት፣ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ እየሩ ተስፎም ገብሩ የምትባል የኛ ልጅ ተወዳደረች። በየትኛው ባንዲራ? በስደተኞች ቡድን። ጦርነቱ ሲነድ ፈረንሳይ ጥገኝነት የጠየቀች ልጅ ናት። የጎረቤትን ልጅ "የኛ" ለማለት የፈጠነው ጣታችን፣ የገዛ ልጃችን ባንዲራ አጥታ ስትነዳ የት ነበር? ይህ ካላመመህ አገር ወዳድነትህን መልሰህ መርምር።

ሰበቡን ደግሞ አውቀዋለሁ። "ተራራው፣ አየሩ" ትለኛለህ። በ2024ቱ ቱር ከፍተኛው ቦታ ቦኔት የሚባለው ተራራ ነበር፣ 2,802 ሜትር። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 በላይ ነው! ፈረንጅ በገንዘቡ ፈልጎ የሚወጣውን ከፍታ እኛ ተኝተንበታል። "ገንዘብስ?" እሺ፣ ምርጥ የውድድር ብስክሌት ከ10 ሺህ ዩሮ በላይ ይሸጣል፣ እውነት ነው። ታዲያ ሩዋንዳ ከኛ የተለየ ከረጢት አላት እንዴ? በየዓመቱ ዓለም አቀፍ ቡድኖች የሚመጡበት የራሷ ዙር አላት። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ሲመጣ ኪጋሊ ነው የተደረገው። በ1994 ምን ላይ የነበረች አገር እንደሆነች አትርሳ።

ወደ ክፍለ ከተማዬ ልምጣ። ከለቡ ጀሞ የብስክሌት መስመር ተሠርቶልን ነበር። ከተማዋም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 በሚዘልቀው ስትራቴጂዋ 200 ኪሎሜትር የብስክሌት መስመር አቅዳለች። ጥሩ። ግን መስመሩ ላይ መኪናውን አቁሞ ቡና የሚጠጣው ማነው? ልጁ ብስክሌት ግዙልኝ ሲል "ትምህርትህን ተማር" የሚለውስ? ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ላይ ጥሩምባ የሚያንባርቀው ሚኒባስ ውስጥ ማነው የተቀመጠው? እኔና አንተ ነን። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ ተብሎ ንፋስ የሚሰብር ጠፋ!

ስለዚህ ልለምንህ። ሰኔ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ቱሩ ባርሴሎና ላይ ይጀመራል። ከሦስቱ ሳምንታት አንድ ስቴጅ ምረጥና ከመነሻው እስከ ማብቂያው ተከታተል፣ ዳታ ከሌለህ ከጓደኛህ ጋር ተጋራ። ከተማህ ውስጥ የብስክሌት ውድድር ካለ ወጥተህ መንገድ ዳር ቁም፣ መግቢያ አይከፈልበትም። የብስክሌቱ መስመር ላይ የቆመ መኪና ስታይ በጨዋ ደንብ ተናገር፣ ወረዳህንም ጠይቅ። ቢንያም ሲያሸንፍ ደግሞ "እንኳን ደስ አለህ፣ ጎረቤታችን" በለው፣ ይበቃል። ከዚያ ወደ ሥራህ ተመለስ።

ይህ ገጽ ላይ "ተከታይ" ነን። በርታ፣ አንድ ቀን እንኳ በእውነት እንከተል።

ሼር አድርጉት። ኮሜንት ላይ ደግሞ የምታውቋቸውን የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ስም ጻፉ። ቢንያም አይቆጠርም።