ልጅን ቤት ብቻውን ስለ መተው

ባለፈው መስከረም እናቴ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። ታናሽ ወንድሜ ዕድሜው 9 ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለሰው በ6 ሰዓት ተኩል ሲሆን እናቴ ከሥራ የምትገባው በ11 ሰዓት ነው። እኔም ዘንድሮ የከሰዓት በኋላ ፈረቃ ስለ ደረሰኝ ከእርሱ ጋር የሚቆይ ሰው ጠፋ። «ለመሆኑ ይህ ልጅ ብቻውን መዋል ይችላል ትያለሽ?» አለችኝ። ወላጅ የልጁን አሳብ ሲጠይቅ በችኮላ መመለስ አይገባምና ብዙ አሰብሁበት። በዚህ መጽሔት ላይ ለማውጣት የደፈርሁትም ችግሩ የእኛ ቤት ብቻ አለመሆኑን ከክፍል ጓደኞቼ ስለ ተረዳሁ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሕግ ለመፈለግ ሞከርሁ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅም ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ነገር ግን ልጅ በስንት ዓመቱ ብቻውን ቤት ይዋል የሚል ቁጥር በእነዚህ ውስጥ አላገኘሁም። ቢገኝም የሚበቃ አይመስለኝም፤ እኔ ራሴ በ9 ዓመቴ ብቻዬን ውዬ የደረሰብኝን አውቃለሁና።

በዚያን ቀን እናቴ ሕፃኑን ወንድሜን አዝላ ለቅሶ ለመድረስ ስትወጣ «በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ፤ ምድጃውንም እንዳትነኪ» ብላ ሁለት ትእዛዝ ሰጠችኝ። በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ግን የባቄላ ንፍሮ ተጥዶ ኖሮ በችኮላዋ ረስታዋለች። ውኃው አለቀ፤ ንፍሮው ማረር ጀመረ፤ ቤቱም በጭስ ታፈነ። እኔም ምድጃውን እንዳልነካ ታዝዣለሁና አልነካሁም። እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ጭሱን አይተው በሩን ቢደበድቡ «እማዬ ለማንም እንዳልከፍት ነግራኛለች» ብዬ እያሳልሁ ከውስጥ መለስሁላቸው። ለመኑኝ፤ ተቈጡኝ። በመጨረሻ ውጭ ግድግዳው ላይ ካለው ቈጣሪ መብራቱን አጥፍተው አዳኑኝ።

እናቴ ስትመለስ መጀመሪያ አለቀሰች፤ በማግሥቱ ግን ለቡና ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ልጄ እኮ እንኳን ለሰው ለጭስም አትከፍት!» እያለች ታወራልኝ ጀመር። እኔም እንደ ጀግና ተቈጠርሁ። (ድስቱ እስከ ዛሬ ድረስ ጥቁር ነው።)

እንግዲህ የእኔ አሳብ ከዚህ ይነሣል። በእኛ ዘንድ ቤት የሚታመንበት ልጅ ታዛዡ ልጅ ነው፤ ከተባለው ዝንፍ የማይል ጨዋ። ነገር ግን ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ አያውቅም፤ እናቴ ንፍሮውን ብታስታውሰው ኖሮ አጥፍታው በወጣች ነበር። ስለዚህ ብቻውን ሊውል በታሰበ ልጅ ላይ መመርመር ያለበት የታዘዘውን መፈጸሙ ሳይሆን፣ የታዘዘው የማያዋጣ ሲሆን ትቶት ሰው ለመጥራት መድፈሩ ነው። ይህንንም የሚደፍረው ቢሳሳት እንደማይገረፍ የሚያውቅ ልጅ ነው። ዱላ የሚፈራ ልጅ የሰበረውን ብርጭቆ ብቻ ሳይሆን የተቃጠለ እጁንም ይደብቃል።

አንዳንድ አባቶች «እኛ በሰባት ዓመታችን ከብት እንጠብቅ አልነበረምን?» ይሉናል። እውነት ነው፤ ግን እረኛ ብቻውን አይደለም። አጠገቡ ሌሎች እረኞች አሉ፤ ቢጮኽ ከማዶ የሚያርሰው ሰው ይሰማዋል፤ የሚሸሽበትም ሜዳ አለው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የብረት በር የተዘጋበት ልጅ ይህ ሁሉ የለውም። ይልቁንም በሩን ከውጭ ቈልፎ ቁልፉን ይዞ የሚሄድ ወላጅ ልጁን ከሌባ እንጂ ከእሳት አላዳነም። «ልጁ ብቻውን አይደለም፤ ሠራተኛ አለች» የሚሉም አሉ። ሠራተኛዋ ራሷ የ13 ዓመት ልጅ ስትሆን ሁለት ልጆች ብቻቸውን ቀሩ ማለት እንጂ ሌላ ምን ማለት ነው?

ለልጅ ጥንቃቄ ጨርሶ የማይተው ነገርም አለ። ቤት ውስጥ የተያያዘ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው አዋቂ እንኳ አይነቃበትም። ከሰሉን ከቤት አውጥቶ መሄድ የወላጅ ሥራ ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ለእናቴ በመስከረም «አይችልም» ብዬ መለስሁላት። መብራት ቢጠፋስ ብለው «አልፈራም» አለኝ፤ ሰው ቢያንኳኳስ ብለው «አልፈራም» አለኝ፤ ቤቱ ቢቃጠልስ ብለውም ያው ነው። ወንድ ልጅ ፈራሁ ማለት ነውር ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። ስለዚህ ከትምህርት መልስ እትዬ ቤት ሲውል ቈየ፤ ከጥር ጀምሮ ግን በየቅዳሜው ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻውን እየተውን እናለማምደው ጀመር። በሦስተኛው ቅዳሜ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ቤቱ ባዶ ነበር። ደንግጬ ብሮጥ እትዬ ቤት ተቀምጦ ዳቦ ሲበላ አገኘሁት። «ለምን ወጣህ?» ብለው «ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁና ፈራሁ፤ ስለዚህ መጣሁ» አለኝ። ድመት ሳትሆን አትቀርም። እናቴ «ይኸው፣ ገና አልበሰለም» አለች፤ እኔ ግን በስሏል ያልሁት በዚያን ቀን ነው።

ክርክራችን እስከ አሁን አላለቀም። ለጊዜው የተስማማንበት ይህ ነው፤ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ቤት ምሳውን በልቶ ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ እናቴ እስክትገባ እትዬ ዘንድ ይውላል። በሩ ከውጭ አይቈለፍም። የእናቴ ስልክና የፖሊስ ቁጥር 991 በሩ ላይ በትልቁ ተጽፈዋል። ሐሙስ ሐሙስ እትዬ ገበያ ስለሚውሉ ከእኔ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ይመጣና በዘበኛው ፈቃድ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ያ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ልጅ የማን ነው ስትሉ የነበራችሁ ተማሪዎች፣ የእኔ ወንድም ነው።