ከፍትፍቱ ፊቱ፤ በሐምሌ ሙቀት ምድጃውም ይረፍ

ሐምሌና ነሐሴ በእስራኤል ምን እንደሚመስሉ ለእናንተ ለአባቶችና ለእናቶች አይነገርም። በአሽዶድና በነታንያ ወበቁ ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቃል። በቤት ሸአንና በቤር ሼቫ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ መሄድ ራሱ ድካም ነው። ታዲያ እንዲህ ባለው ቀን በብዙ ቤታችን ምን ይደረጋል? ሽንኩርት ይቁላላል። ወጡ ለሰዓታት ይንተከተካል፣ ምጣዱ ይግላል፣ መዝጋኑ በአንድ በኩል ሲያቀዘቅዝ ምድጃው በሌላ በኩል ያሞቃል። ከምድጃው ፊት የምትቆመው ማን ናት? ወይ ከማለዳ ጀምራ ሥራ ውላ የመጣች ልጃችን ናት፣ ወይ ጉልበቷንና ወገቧን የሚያማት እናታችን ናት።

በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው። በእነዚህ የሙቀት ወራት፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ያለ እሳት የሚዘጋጅ ትኩስ አትክልት በማዕዳችን ላይ በክብር ይቀመጥ። ይህን መፍቀድ የሚችሉት ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው። የቁፓት ሆሊም ነርስ ብትመክር፣ ቴሌቪዥን ቢናገር፣ አባት ማዕድ ላይ ተቀምጦ «ዛሬ ወጥ የለም እንዴ?» ካለ ነገሩ አበቃ። ልጅቱ ነገም ምድጃ ፊት ትቆማለች። አባት «ዛሬ ሙቀት ነው፣ እሳት አታንድጂ» ካለም ነገሩ ያልቃል።

በመጀመሪያ የወቅቱን ነገር እናስብ። በጎንደርና በሰሜን ሐምሌ ማለት ክረምት ነው። ዝናቡ ሌት ተቀን ይወርዳል፣ ጉም ቤቱን ይሸፍናል፣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ይሰበሰባል። የጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሰሜን ተራሮችማ ከዚያም በጣም ይበልጣሉ። እዚያ በሐምሌ የሚፋጅ ሽሮ መብላት ትክክል ነበር፤ ገላን ያሞቃል፣ እሳቱም ለቤቱ ሙቀት ነው። እዚህ ያው ሐምሌ የተገላቢጦሽ ሆኗል። ሀገር ለውጠናል፣ ልብስ ለውጠናል፣ የምድጃችን ልማድ ግን ገና ደጋ ላይ ነው።

«ቀዝቃዛ ምግብ ለእንግዳ አይቀርብም፣ ንቀት ነው» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉትን የማስታውሳቸው ሰንበትን ነው። በቤተ እስራኤል ሥርዓት ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ አልነበረም? ሰንበት እስኪወጣ ድረስ እሳት የሚነካ አልነበረም። የሚበላው ዓርብ ተዘጋጅቶ ያደረ ቀዝቃዛ ምግብ ነበር። እዚህ ሀገር ሌሎች ወገኖቻችን የሰንበት ምግባቸውን በፕላታ ላይ ሲያሞቁ ስናይ የገረመን ለዚህ ነው። እንግዲህ ከሳምንቱ ቀኖች ሁሉ የከበረውን ቀን አባቶቻችን ያከበሩት በቀዝቃዛ ማዕድ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ማዕድ እንዴት የንቀት ይሆናል? ያለ እሳት መብላትን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም።

ሁለተኛው ክርክር «ሰላጣ የፈረንጅ ነው፣ ሣር ነው» የሚለው ነው። ስሙ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩ ቤታችን ነበር። የቲማቲም ፍትፍት ምንድን ነው? ጥሬ ቲማቲም፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይትና እንጀራ አይደል? ተልባ በጥብጦ እንጀራ መፈትፈትስ? እነዚህ ምግቦች ሙቀት ባለበት፣ ጊዜ ባጠረበት፣ ወይም እንግዳ በድንገት በደረሰበት ቀን ቤት ያዳኑ ናቸው። እዚህ ደግሞ ጎረቤቶቻችን ቲማቲምና ኪያር፣ መላፈፎን የሚሉትን ማለቴ ነው፣ አድቅቀው ከትፈው በሎሚና በዘይት ጠዋትም ማታም ይበላሉ። በእኛ ፍትፍትና በእነሱ ሰላጣ መካከል ያለው ልዩነት እንጀራው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ግን ሊናቅ አይገባም። «ጥሬ ነገር ሆድ ያማል» ይላሉ ትልልቆቹ። እዚያ እውነት ነበር። ውሃው ከወንዝና ከምንጭ ነበር፤ በዚያ ውሃ የታጠበ ጥሬ አትክልት ትላትልና አሜባ ያመጣል። እሳት መድኃኒት ነበር፤ እናቶቻችን ሁሉን ማብሰላቸው ጥበብ ነበር። እዚህ የቧንቧው ውሃ የተጣራ ነው። ቢሆንም ጥንቃቄው አይቅር። ቅጠል ሁሉ አንድ በአንድ ተለያይቶ በደንብ ይታጠብ። በቅጠሉ ውስጥ የሚደበቁ ትናንሽ ነፍሳት በሃይማኖታችንም የማይበሉ ስለሆኑ ቅጠሉን በውሃ ነክሮ፣ አጥቦ፣ በብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ የሚከብደው ሰው ቲማቲም፣ ኪያር፣ ካሮትና ቃሪያ ይምረጥ፤ እነሱ ለማጠብም ለማየትም ቀላል ናቸው።

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ። ወደዚህ ሀገር ስንገባ የስኳር በሽታ በመካከላችን እምብዛም የማይታወቅ ነበር። ከመጣን በኋላ ግን ስኳሩም የደም ግፊቱም ብዙ ቤት ገባ። እዚያ በእግራችን ተራራ እንወጣ ነበር፣ ስንዴውም ማሽላውም ጤፉም በላባችን የመጣ ነበር። እዚህ መቀመጥ በዛ፣ ነጭ ዱቄት፣ ጣፋጭ መጠጥና ኬክ በዛ። ሰላጣ መድኃኒት ነው አልልም። ነገር ግን የምግብ አማካሪዎች ከእንጀራው ወይም ከዳቦው በፊት አትክልቱን ብሉ ይላሉ፤ ሆዱ በአትክልት ሲጀምር ስኳሩ በደም ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እንጀራም ሳይፈለግ ይቀራል። ሌላው ነገር ውሃ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ውሃ ሲያጣ ሰውየው አይጠማውም። ኪያርና ቲማቲም አብዛኛው ክፍላቸው ውሃ ነው። ውሃ መጠጣትን አይተኩም፣ ግን ያግዛሉ።

ታዲያ ምን ይዘጋጅ? ከቲማቲም ፍትፍት እንጀምር። ለአራት ሰው አራት ጠንካራ ቲማቲም፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ ይከተፋል። የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ ጨውና ለወደደ ቁንጥር በርበሬ ይጨመራል። አሥር ደቂቃ ይቆይና ውሃውን ሲያወጣ ሁለት እንጀራ ይፈተፈትበታል። ያደረ እንጀራ ከትኩሱ ይሻላል፤ መረቁን ይጠጣል እንጂ አይቦካም። ስኳር ያለበት ሰው እንጀራውን አንድ አድርጎ ቲማቲሙንና ኪያሩን ያብዛ።

ጥርስ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ ጥቅል ጎመን አለ። በጣም ቀጭን አድርጎ መክተፍ፣ ትንሽ ጨውና ሎሚ ጨምሮ በእጅ ማሸት፣ ሩብ ሰዓት መተው። እሳት ሳይነካው ይለሰልሳል። የተፈቀፈቀ ካሮት ቢጨመርበት ቀለሙም ጣዕሙም ያምራል።

ያለ ሥጋ የሚያጠግብ የሚፈልግ የሽምብራ ጣሳ ይክፈት። ሽምብራው በውሃ ይታጠብ፣ ጨዉ ይወጣለታል። በላዩ ላይ የሰሊጥ ጠሂና በውሃና በሎሚ ተበጥብጦ ይፍሰስ፤ ጠሂናው መጀመሪያ ይጠጥራል፣ አይዟችሁ፣ ውሃ ሲጨመርበት ይላላል። ሽንኩርት፣ ኩስባራና ቃሪያ ከተከተፈበት ከሽሮ የማይተናነስ ጉልበት ይሰጣል። የቱና ጣሳም እንዲሁ ከቲማቲም ጋር ያለ እሳት ምሳ ይሆናል።

ለቁርስ ደግሞ ኮተጅ አለላችሁ፤ ብዙዎቻችን በአይብ ፋንታ የያዝነው። ኪያር አድቅቆ ከትፎ መቀላቀል፣ በረንዳ ላይ በጣሳ የተተከለች ጤና አዳም ካለች ከሷ ትንሽ መቀንጠስ ነው። ይሄ የወተት ስለሆነ ከሥጋ ጋር አይቀርብም። የቀሩት ፓርቬ ስለሆኑ ከወተቱም ከሥጋውም ማዕድ ጋር ይሄዳሉ። ቱናው ዓሣ ነውና ከሥጋ ጋር ባለመብላት ይጠንቀቁ የሚሉ አሉ፤ በቤታችሁ ልማድ ሂዱ።

ተልባም አይረሳ። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ አንድ ጊዜ ታምሶ ተፈጭቶ በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ለብዙ ቀን ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃና ትንሽ ጨው ብቻ ነው የሚፈልገው።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። የተከተፈ ሰላጣ በሙቀት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አይቆይ፤ ለሐዘን ቤትና ለድግስ የሚዘጋጅ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ከማቀዝቀዣ ይውጣ። የደም ማቅጠኛ ኩማዲን የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ቅጠል በድንገት አያብዛ፣ በድንገትም አያቋርጥ፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን፣ ሐኪሙንም ይጠይቅ። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ቲማቲምን እንደልቡ ከመብላቱ በፊት ስለ ፖታሲየም ይጠይቅ። ውሃ የተገደበለት የልብ ሕመምተኛም የሐኪሙን ቃል ይከተል። ግፊት ያለበት ደግሞ ጨውን በሎሚ ይተካ። ሐብሐብ ያበርዳል፣ ግን ጣፋጭ ነው፤ ስኳር ላለበት ቁራሽ ይበቃዋል።

ዶሮ ወጥ ይቅር የሚል እንዳይመስላችሁ። የበዓሉ ወጥ ለበዓል፣ የሰርጉ ለሰርግ ይሁን። ምግባችን ቋንቋችን ነው፤ ልጆቻችን ቢረሱት እናዝናለን። የምለው የማክሰኞ ቀን ምሳ የሰርግ ምሳ አይሁን ነው። በየዕለቱ ከምድጃ ፊት የምታልቅ ሴት ለበዓሉ ጉልበት አይኖራትም።

ሌላም ጥቅም አለው። በሐምሌ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ የልጅ ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዘው ቤት ይውላሉ። እኛ በአማርኛ እንናገራለን፣ እነሱ በዕብራይስጥ ይመልሳሉ። ከምድጃ ልናርቃቸው ይገባል፣ እሳትና የፈላ ዘይት አለና። ፍትፍት ላይ ግን እሳት የለም። የአሥር ዓመት ልጅ ኪያር ያጥባል፣ ሎሚ ይጨምቃል፣ እንጀራ ይፈትፍታል። አያት ከጎኑ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ይሄ ቃሪያ ነው፣ ይሄ ድንብላል ነው፣ ቀስ ብለህ፣ አታብዛው» ትለዋለች። እንዲህ እጅ እየሠራ የተማረው ቃል ይቆያል። ልጁ ለአያቱ ምግብ ማቅረቡንም ያውቃል፤ ይህም ክብር ነው።

ገበያውንም ቢሆን ከሰላጣ ጋር እንወቅ። የበጋ አትክልት በበጋ ይረክሳል። ዓርብ ከሰዓት ሹክ ሊዘጋ ሲል ነጋዴው ዋጋ ይቀንሳል፤ ያኔ የተገዛ ቲማቲም እስከ ሳምንቱ አጋማሽ ያደርሳል። በቤታቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ደግሞ ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት ይሰለቻቸዋል፤ በሻይና በዳቦ ይውላሉ። ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ኪያርና ግማሽ እንጀራ ከዚያ እጅግ ይሻላል፤ የሚፈጀውም አሥር ደቂቃ ነው።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ቃላችሁ ገና ይሰማል። ከሚቀርበው ምግብ በላይ የሚያቀርበው ፊት እንደሚበልጥ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ፤ ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። በላብ የተጠመቀችና የደከመች ሴት ፊት ያቀረበው ዶሮ ወጥ ይሻላል? ወይስ አርፋ፣ ከእናንተ ጋር ማዕድ ተቀምጣ፣ እየሳቀች ያጎረሰቻችሁ የቲማቲም ፍትፍት? በዚህ ሳምንት ልጃችሁ ከሥራ ደክማ ስትገባ ድስቱን ሳታነሳ ቀድማችሁ ንገሯት፦ «ልጄ፣ ዛሬ እሳት አይነድም፤ ቁጭ በይ፣ ኪያሩን እኔ እከትፋለሁ» በሏት።