የሆስቲንጉ ገደብ ይነሳ ለምትሉ

የኪራዩ ዓመት ሊያልቅ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ «የጋራ ዝርዝራችንን ከዚህ ሆስቲንግ አውጥተን የራሳችን ሰርቨር ላይ እናድርገው፤ ከልካይ ሰለቸን» ብላችኋል። ብሶታችሁ ብሶታችን ነው። ጁባ ወደብ ላይ ቆመን፣ ጀልባው ወደ ቦር ሊነሳ ሲል ገጹ አልከፍት ብሎን ስንቱን ጭነት በስልክ አስተካክለናል። ቢሆንም በዚህ አንስማማም።

መጀመሪያ የተናደድንበትን እንናገር። የሊሙ ቡና መጣልንና በአማርኛው ገጽ መዘገብነው፤ ያለ ችግር ገባ። በእንግሊዝኛው «ዩኒየን ሴሌክት ኮፊ ፍሮም ሊሙ» ብለን ስንጽፍ ግን 403 የሚል ቁጥር ብቻ መለሰልን። ሦስቴ ሞከርን፣ ኔትወርኩን ረገምን። ኋላ ሲጣራ ዩኒየን፣ ሴሌክት እና ፍሮም ዳታቤዝ የሚታዘዝባቸው የኤስኪውኤል ቃላት ኖረዋል። ሌቦች እነዚህን ቃላት በመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ሰክተው የማይገባቸውን መዝገብ ያስወጣሉ። በሰርቨሩ በር ላይ ያለው ሞድሴኪዩሪቲ የሚባለው ማጣሪያ እኛንም ከእነሱ ቆጠረን። የገበሬዎች ዩኒየን ቡና ምን እንደሆነ ከየት ይወቅ!

የሰዓቱ ገደብ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ጥፋቱ የራሳችን ነው። ለዳታቤዛችን በሰዓት 15 ሺህ ጥያቄ ተፈቅዶልናል። ገጻችን የተሠራው ግን 180ውን ዕቃ አንድ በአንድ እየጠየቀ እንዲያመጣ ነው። 100 ሰው በአንድ ሰዓት ከከፈተው 18 ሺህ ሆነ፣ በሩም ተዘጋ። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጥያቄ ማምጣት እየተቻለ 180 ጊዜ መመላለስ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ በሲኒ እየቀዱ እንደማጓጓዝ ነው። ልጁ እንዲያስተካክለው ነግረነዋል።

አዲስ አበባ ያለችው ሂሳብ ሠራተኛችን ደግሞ ኤክሴሏን በቀጥታ ከዳታቤዙ ጋር ማገናኘት ትፈልጋለች፤ 3306 የሚባለው በር ከውጭ ስለተዘጋ አልቻለችም። ይዘጋ! ዝርዝሩን ከመቆጣጠሪያው ገጽ አውርደን እንልክላታለን፤ ለሳምንታዊ ሂሳብ ይበቃል።

ለምን እንዲህ እንደምንል እንንገራችሁ። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ዋጋ ብቻ አይደለም። ማን ለማን ዱቤ እንዳለበት፣ የሹፌሩ ስልክ፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ መኪናው ከኒሙሌ የሚነሳበት ሰዓት ሁሉ አለ። ከኒሙሌ ጁባ 192 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ መንገድ መኪና ተዘርፏል፣ ሹፌርም ሞቷል። የመነሻ ሰዓቱ በማይገባው ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

የጋራ ሆስቲንግ ማለት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ብዙ ነጋዴ በአንድ መጋዘን ዕቃ እንደሚያስቀምጠው ነው። ከጎናችን ያለው የማናውቀው ሰው ነው። ለእኛ የሰርቨሩን ፋይሎች በዳታቤዝ በኩል የማንበብ መብት ይሰጠን ካልን፣ ለእሱም ሊሰጠው ነው።

ኮሜርስ ስንማር መጀመሪያ ያስጨበጡን ነገር «ገንዘብ ያዡ መዝገቡን አይያዝ» የሚል ነበር። ዳታቤዝም ላይ ያው ነው። ዋጋ የሚያሳየው ገጽ ማንበብ ብቻ ይበቃዋል፤ መሰረዝ ምን ያደርግለታል? አሁን ግን የእኛ ገጽ ሁሉንም የሚሠራው ሙሉ መብት ባለው በአንድ ስምና ፓስወርድ ነው። ይህን ሆስቲንጉ አላስገደደንም፤ በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ መብቶቹን መርጦ መስጠት ይቻላል፣ እኛ ነን ሁሉንም ምልክት ያደረግነው።

የራሳችን ሰርቨር ቢኖረንስ? ማን ያድሰዋል? ቶክቶክ የተባለው የእንግሊዝ ትልቅ የስልክ ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. በዚሁ በኤስኪውኤል ስርቆት የ157 ሺህ ገደማ ደንበኞች መረጃ ተወስዶበታል። ሌባው የገባው በተረሱ አሮጌ ገጾች በኩል ሲሆን፣ የዳታቤዙ ሶፍትዌር ራሱ ማስተካከያ ወጥቶለት ሳለ አልታደሰም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት 400 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። ያ ኩባንያ ባለሙያ የሌለው አልነበረም። እኛ ያለን አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ፈተና ላይ ነው።

ሆስቲንጉን የምንከሰው በአንድ ነገር ነው፦ ሲከለክል ምክንያቱን አይናገርም። 403 ብቻ የሚል ጥበቃ ደንበኛ ያባርራል። ደውለን ስንጠይቅም «ማጣሪያውን በሙሉ ላጥፋላችሁ?» አሉን። በሙሉ ማን አለ? የቡናውን ጽሑፍ የያዘችውን ያቺን አንዲት ደንብ፣ ለዕቃ መመዝገቢያው ገጽ ብቻ፣ እንዲያነሱልን ጠይቀናል። የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ውሉ ሲታደስም በየጊዜው የተከለከለው ነገር ከነምክንያቱ እንዲታየን እንዲጻፍበት እንጠይቃለን።

እስከዚያው ቡናውን በእንግሊዝኛው ገጽ «ጉድ ኮፊ፣ ሊሙ» ብለን መዝግበነዋል። ዩኒየን ነው ወይ እያላችሁ የምትደውሉልን፣ አዎ፣ ዩኒየን ነው።