ለመዝነብ ያማረ ሰማይ

ፖርቹጋልኛ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። አስተማሪዬ የዚያን ቀን ያስጠኑኝ የአየር ጠባይ ምርጫን መጠየቅ ነው፤ «ቮሴ ፕሬፌሪ ካሎር ኦ ፍሪኡ?» ሙቀት ይሻልሃል ወይስ ብርድ? አፌ እስኪለምደው ደጋግሜ ካልኩት በኋላ ጥያቄውን ወደ እሳቸው መለስኩት። ሁለቱንም ተዉና «ኢንቬርኑ» አሉኝ። መዝገበ ቃላቴ ኢንቬርኑን «የብርድ ወራት» ብሎ ስለሚፈታው ብርድ ወዳጅ መሰሉኝ፤ በረዶ አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኔ የሴያራ ሰው ነኝ» አሉ። «እኛ ዘንድ ኢንቬርኑ ማለት ዝናብ ነው።»

ሴያራ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የምትገኝ፣ ድርቅ የሚመላለስባት ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1877 እስከ 1879 የዘለቀው ድርቅ ሕዝቧን በረሃብና በበሽታ ፈጅቶ የተረፈውን ከቀዬው አፈናቅሏል። ዝናቧ የሚጥለው በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ካላንደሩ «ኢንቬርኑ ገባ» የሚለው ግን በሰኔ፣ የገበሬው ኢንቬርኑ ሊወጣ ሲል ነው። ገበሬው በጉጉት የሚጠብቃት ቀን ማርች 19፣ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ናት፤ እስከዚያች ቀን ከዘነበ ዓመቱ የጥጋብ ይሆናል ብሎ ያምናል። ሰማዩ ሲጠቁርም «ቦኒቱ ፕራ ሾቬር» ይላል፤ ለመዝነብ አምሯል ማለቱ ነው። ባሕር ዳርቻ ሊዝናና የመጣውን እንግዳ የሚያስከፋው ደመና ለእሱ ቁንጅና ነው።

ይኸው የሙቀትና የብርድ ጥያቄ በአንጎላ ዋና ከተማ በሉዋንዳ ሌላ መልስ ያገኛል። አንጎላዎች ዓመቱን የሚከፍሉት በዝናቡ ወቅትና በካሲምቡ ነው፤ ካሲምቡ ጭጋግ የሚበዛበት፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ነው። አማዞን ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ባለችው በብራዚሏ የቤሌም ከተማ ደግሞ የከሰዓቱ ዝናብ ከመለመዱ የተነሣ ሰዎች «ከዝናቡ በፊት»፣ «ከዝናቡ በኋላ» እያሉ ሲቃጠሩ ኖረዋል።

የአስተማሪዬ መልስ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል ከመጡት የፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስድስት ዓመት ያህል አገራችን ከርሞ ሲመለስ በጻፈው መጽሐፍ የእኛን የዝናብ ወራት የጠራው ኢንቬርኑ ብሎ ነው። በፖርቹጋል ዋናው ዝናብ የሚወርደው በብርዱ ወራት ስለሆነ ቃሉ ባሕር የተሻገረው ሁለቱንም አዝሎ ነው። ሞቃት አገር ሲደርስ ብርዱን ጥሎ ዝናቡን ያዘ።

ፖርቹጋልኛ ጊዜንም የአየር ጠባይንም በአንድ ቃል «ቴምፑ» ይላቸዋል። እኛስ ብንሆን «እንዴት ከረማችሁ?» ስንባባል የተለያየንበትን ጊዜ የምንጠራው ክረምት ከወጣበት ሥር በወጣ ቃል አይደል?

ስለዚህ ቋንቋ ለሚያስተምሩ ሁሉ አንድ ነገር እላለሁ፤ የወቅት ስም ሲያስተምሩ አገሩንም አብረው ያስተምሩ። ልጆቻችንን ክረምት ማለት «ዊንተር» ነው እያልን የበረዶ ክምር ሥዕል እናሳያቸዋለን። ልጁ የሚያውቀው ክረምት ግን ጭቃና ነጎድጓድ፣ የሞላ ወንዝና የቡሄ ጅራፍ ነው። ቃሉን ተምሮ የራሱን ክረምት ካጣበት፣ ስለ አገሩ ሲጠየቅ የሌላ ሰው አገር ይመልሳል። ከባዕድ ሰው ጋር ስንነጋገርም «ሙቀት ወይስ ብርድ?» ከማለት አልፈን «እናንተ አገር ሰው የሚናፍቀው የትኛውን ወር ነው?» ብንል የበለጠ እንተዋወቃለን።

ትምህርቱን ስንጨርስ አስተማሪዬ «አንተስ?» አሉኝ። በቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ የሚወርደው የሐምሌ ዶፍ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከሰሉን ከቦ የሚጠብቀው የበቆሎ እሸት ትዝ አለኝ።

«ኢንቬርኑ» አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቁኝም።