የተቆረጠ ጨርቅ ወይስ የመቁረጫ መኪና?

በዚህ ሳምንት የምንወያይበት ጉዳይ የተነሣው ከወረታ ከተማ ነው። ጠያቂያችን የሦስት ልጆች እናት ናት። ቀን በሩዝ መፈልፈያ ቤት ስትሠራ ትውላለች። ከአማቷ የወረሰቻት፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለቻት፤ ማታ ማታና እሑድ በእሷ የልጆች ልብስ ትሰፋለች። አሜሪካን አገር የምትኖር ታናሽ እህቷ ለበዓል ልትመጣ ተነሥታ በስልክ እንዲህ አለቻት።

«እትዬ፣ እዚህ የልጅ አልጋ ልብስ የሚሰፋበት ጨርቅ እኩል እኩል ተቆርጦ በጥቅል ይሸጣል። የመቁረጫ መኪናም አለ። የሻንጣዬ ኪሎ ሁለቱን አይችልም፤ የትኛውን ላምጣልሽ?»

እህትማማቾቹ ከዚህም አልፈው አስበዋል። መኪናው ከመጣ፣ ታላቂቱ የሚደርሳትን የእቁብ ገንዘብ ጨምራበት፣ የመፈልፈያ ቤቱን ሥራ ትታ በስፌት ብቻ ልትተዳደር ነው። እንግዲህ ጥያቄው የስጦታ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ነው። በመሆኑም መልሱን ረጋ ብለን እንመልከተው።

ብጣሽ ጨርቅ ቀጥሎ ልብስ መሥራት ለአገራችን እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም። ያረጀ ኩታ፣ የተቀደደ ነጠላ፣ ከልጅ ቀሚስ የተረፈ ጫፍ ተሰብስቦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጥፎ የሚሰፋው ድሪቶ ስንቱን ልጅ ከብርድ አውጥቷል። ስሙ የድኻ ስም ሆኖ ቀረ እንጂ ሥራው ብልሃት ነበር። በአሜሪካና በሌላም አገር ያሉ ሴቶች ይህንኑ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ይዘውታል። በሁለት ጨርቅ መካከል ስስ ጥጥ ይነጠፍና ሦስቱ ባንድነት ይሰፋሉ፤ የላይኛው ጨርቅ ከብዙ ብጣሽ የተቀጠለ ነው። ዛሬ ግን ብጣሹን ከአሮጌ ልብስ በመልቀም ፈንታ ከሱቅ የሚገዙት ብዙዎች ናቸው።

በጥቅል የሚሸጠው ጨርቅ በብዛት ጎኑ 5 ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። በአንድ ጥቅል ውስጥ ብዙውን ጊዜ 42 ብጣሽ ይገኛል። ቀለሙና አበባው እርስ በርሱ እንዲስማማ ተደርጎ ተመርጧል፤ በመኪና ስለተቆረጠም ልኩ አይዛነፍም። ጊዜ ለሌላት ሠራተኛ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሥራ ገብታ፣ እራት አቅርባ፣ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ፣ ሜትርና ጠመኔ ሳትፈልግ ወዲያው ወደ ስፌቱ ትገባለች።

ነገር ግን እስቲ እንቁጠረው። በየጎኑ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ጨርቅ ወደ ስፌቱ ስለሚገባ፣ ብጣሹ ከተሰፋ በኋላ 11.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 42ቱ ብጣሽ 6 በ7 ሆኖ ሲቀጠል 69 በ80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ልብስ ይወጣዋል። ይህ ለአራስ ልጅ መጠቅለያ ይሆናል እንጂ የአምስት ዓመት ልጅ እግር አይሸፍንም። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40 ያህል ለሆነ የልጅ አልጋ ልብስ 108 ብጣሽ፣ ማለትም 3 ጥቅል መግዛት ያስፈልጋል። ገበሩና ጥጡ ከዚህ ውጭ ነው።

ሌላም ጉድለት አለው። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ ቀለሙም የሚለቅ አለ። ስለዚህ ሳይቆረጥ በፊት ቢታጠብ ይመረጣል። ተቆርጦ የመጣ ብጣሽ ግን ሳፋ ውስጥ ቢነከር ጠርዙ ተተርትሮ ልኩ ይጠፋል። እናም ሳይታጠብ ይሰፋል፤ ቀዩ ነጩን ቢያበላሸው የሚታወቀው ልብሱ ካለቀ በኋላ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ጥቅሉ ሲያልቅ ሁለተኛውን አልጋ ልብስ ለመጀመር እንደገና የእህት ሻንጣ መጠበቅ ሊመጣ ነው።

ወደ መኪናው እንለፍ። «የመቁረጫ መኪና» ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም።

አንደኛው በእጅ የሚዞር ነው። ጨርቁ ምላጭ በተቀበረበት ሰሌዳ ላይ ይነጠፍና በሁለት ድብልብል ብረቶች መካከል ተጨምቆ ሲያልፍ ይቆረጣል። መብራት አይፈልግም፤ ስስ የጥጥ ጨርቅ እስከ 6 ድርብ ባንድ ጊዜ ይቆርጣል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቅርጽና መጠን የራሱ ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ ሰሌዳውም ለብቻው የሚገዛ ነው። ከጨርቁ በላይ የሚደረበው የላስቲክ ንጣፍም በምላጩ እየተበላ ይለወጣል።

ሁለተኛው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነው። አበባም ሆነ ፊደል አስተካክሎ ያወጣል፤ ነገር ግን የሚሠራው ለጥልፍና ለጌጥ ነው እንጂ ብዙ ጨርቅ ደራርቦ ለመቁረጥ አይደለም።

ሦስተኛው የልብስ ፋብሪካዎች የሚገለገሉበት የኤሌክትሪክ መቁረጫ ነው። አንዱ ክብ ምላጭ፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ቀጥ ያለ ምላጭ አለው። ብዙ ጨርቅ ደርቦ ይቆርጣል፤ ያልሠለጠነ ሰው ከያዘው ግን ጣትም አይምርም።

ከአሜሪካ ለሚመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚያ የቤት መብራት ኃይል 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። ለዚያ አገር ብቻ የተሠራ ሞተር እዚህ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ሌላ ወጪ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መኪናውም ትራንስፎርመሩም ቁጭ ይላሉ። በእግር የምትረገጠው የአማቷ መኪና ግን ያን ጊዜም ትሠራለች።

የጠያቂያችን የቀን ሥራ ራሱ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የማያመርት ገበሬ ጥቂት ነው፤ ይሁንና ሁሉም በየቤቱ መፈልፈያ አልተከለም። ለቤቱ የሚሆነውን ጭኖ ወደ መፈልፈያ ቤት ይወስዳል፤ ዋጋውን ከፍሎ፣ አስፈልፍሎ ይመለሳል። መፈልፈያ የሚተክለው የብዙ ሰው ሩዝ የሚገባለት ነጋዴ ወይም ማኅበር ነው። መኪና ሥራ ሲጎርፍለት ባለቤቱን ያበላል፤ ሥራ ሲጎድልበት ባለቤቱን ይበላል። ለአንድ ቁና ሩዝ መፈልፈያ እንደማይተከል ሁሉ፣ በወር ለሁለት አልጋ ልብስ የመቁረጫ መኪና አይገዛም።

ደግሞስ ጊዜ የሚወስደው የትኛው ሥራ ነው? ከተሰፋ በኋላ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን 140 ብጣሽ 10 በ14 አድርገን እንቀጥል ብንል፣ 126 አጫጭር ስፌትና 13 ረጃጅም ስፌት ይጠብቀናል። ሁሉም ሲደመር 28 ሜትር ያህል ስፌት ነው። ጥጡን ማንጠፍ፣ ገበሩን ማያያዝና ጠርዙን መቀምቀም ገና አልተቆጠረም። መቁረጡ ግን የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የመቁረጫ መኪና የሚያቀልልን ይህችን አንድ ምሽት እንጂ ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙ ምሽቶች አይደለም።

መቁረጡን ያለ መኪና እንዴት አቃልለን እንደምንሠራው እነሆ።

1ኛ. የልክ ካርቶን ይዘጋጅ። ከወፍራም ካርቶን ጎኑ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይቆረጣል። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ 10 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ማዕዘኑ መቅናቱ በደብተር ጥግ ይታያል። ካርቶኑ በጠመኔ ሲነካካ ስለሚያልቅ ከቆርቆሮ ቢሠራ ይበረታል፤ ጠርዙ ግን እጅ እንዳይቆርጥ ይሞረድ።

2ኛ. ጨርቁ ይታጠብና ይተኮስ። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ፣ ታጥቦ ከተኮማተረ በኋላ 2 ሜትር ከ40 ቢኖረን 140ው ብጣሽ ይወጣልናል። ከአራት ዓይነት ቀለም ከተፈለገ ከእያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ስለ መኮማተሩ ሲገዛ ጥቂት ማስጨመር ነው።

3ኛ. ረጅሙ ይቀደድ እንጂ አይቆረጥ። ጨርቅ ሻጭ ጫፉን በመቀስ ነካ አድርጎ «ጨርር» ሲያደርገው አይተናል። በድርና ማግ የተሸመነ ስስ የጥጥ ጨርቅ ክሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያወጣው የነበረውን አቡጀዴ የቀደደች እናት ይህን ታውቃለች። በየ12 ሳንቲ ሜትሩ 19 ጊዜ ቢቀደድ 20 ቀጥ ያሉ ቁራጮች ይሆናሉ። ሹራብ ግን እንዲህ አይቀደድም፤ በመቀስ ብቻ ነው።

4ኛ. አራት አራቱ ይደረብ። 20ው ቁራጭ አራት አራት ሆኖ ሲደረብ 5 ድርብ ነው። ድርቡ እንዳይንሸራተት በስፒል ይያዝ፤ ካርቶኑ እየተደረገበት በሳሙና ስባሪ ይሰመር። በእያንዳንዱ ድርብ 7፣ በጠቅላላው 35 ጊዜ ሲቆረጥ 140ው ብጣሽ ተዘጋጀ ማለት ነው።

5ኛ. መቀሱ ለጨርቅ ብቻ ይሁን። ወረቀትና ላስቲክ የሚቆረጥበት መቀስ ጨርቅ ያኝካል። ልጆች እንዳያነሡት ተቆልፎ ይቀመጥ።

ብጣሹ ከአሮጌ ልብስ የሚለቀም ከሆነ፣ የሸሚዝ ክርንና የሱሪ ጉልበት ይተው፤ ከጀርባውና ከታችኛው ክፍል ያለው ጨርቅ ብዙ አልተጎዳም። የሳሳውን ከአዲሱ ጋር መቀጠልም አይገባም፤ አዲሱ ሲጎትተው አሮጌው ቶሎ ይተረተራል።

የወረታና የፎገራ እናቶች ስለ ጥጡም ሊያስቡ ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ሳይደርቅ ከሰነበተም ይሻግታል። ስለዚህ ባዘቶው ስስ ሆኖ ይነጠፍ፤ እንዳይጓጉልም የሚያያይዘው ስፌት እርስ በርሱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው። በየብጣሹ መጋጠሚያ ላይ ከተሰፋ ይኸው ልክ ይገኛል። ስስ ልብስ በአንድ ቀን ፀሐይ ይደርቃል፤ ወፍራሙ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ይሆናል።

ለመቁረጡም ጊዜ የላትም የምትባል ሠራተኛ እናት ብትኖር፣ የልክ ካርቶኗንና የታጠበ ጨርቋን ይዛ ወደ ሠፈሯ ልብስ ሰፊ ትሂድ። በጥቂት ዋጋ ቆርጦ ይሰጣታል። ተቆርጦ የተዘጋጀ ጨርቅ ማለት ይኸው ነው፤ ያውም ቀለሙን ራሷ መርጣ፣ አጥባ፣ በፈለገችው ልክ።

ታዲያ የመቁረጫ መኪና ፈጽሞ አያስፈልግም ማለታችን ነውን? አይደለም። ስፌት የሚያውቁ ሴቶች ተደራጅተው የተማሪዎች ዩኒፎርም ቢረከቡ፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ በአንድ ዓይነት ልክ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ መቁረጥ ይመጣል። ያን ጊዜ በመቀስ መቁረጥ እጅን ያቆስላል፤ ትእዛዙም በወቅቱ አይደርስም። መኪናው የሚገዛው በዚህ ጊዜ ነው። 220 ቮልት መሆኑ ይረጋገጥ፤ መለዋወጫ ምላጩ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ መገኘቱ ይጠየቅ፤ የምትሠራበት አንድ የሠለጠነች ሴት ትመደብ፤ ጨርቅ የሚይዘው እጅም ከብረት የተሠራ ጓንት ይልበስ። ሕፃናት በሚጫወቱበት ቤት ግን አይቀመጥ።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። እህታችን፣ ለታናሽሽ እንዲህ በያት። መኪናው ይቆይ። ከተቆረጠው ጨርቅ አንድ ጥቅል ብቻ ታምጣልሽ፤ በእሱ ለጎረቤት አራስ አንድ መጠቅለያ ሰፍተሽ እጅሽን ትፈትኚበታለሽ፤ አንዱን ብጣሽ ደግሞ ቀለም ማስማማት እንድትማሪበት ታስቀሪዋለሽ። በተረፈው ኪሎ ጥሩ የጨርቅ መቀስ፣ የስፌት መኪና መርፌና ክብ ምላጭ ያለው የእጅ መቁረጫ ከነንጣፉ ታምጣ። ይህን መቁረጫ ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ያወጣው ሲሆን፣ በመዳፍ ተይዞ በጨርቅ ላይ የሚሽከረከር ነው። መብራት አይፈልግም፤ ጥቂት ድርብ ጨርቅ ባንድ ጊዜ ይቆርጣል። ምላጩ እንደ ጢም ምላጭ የተሳለ ስለሆነ ሥራ ሲያበቃ መሸፈኛው ይዘጋ።

የመፈልፈያ ቤቱን ሥራ ግን አሁን አትልቀቂ። በመጀመሪያ ሦስት አልጋ ልብስ ሰፍተሽ ለሰው ሽጪ። ለጨርቅ፣ ለጥጥና ለክር ያወጣሽውን፣ የፈጀብሽን ሰዓትና የተሸጠበትን ዋጋ በደብተር ጻፊ። ከዋጋው ወጪውን ቀንሰሽ የቀረውን ለሰዓቱ አካፍይው፤ በመፈልፈያ ቤቱ በሰዓት ከምታገኚው ጋር አስተያዪው። ስፌቱ የሚበልጥ ከሆነና አራተኛውን የሚያዝልሽ ሰው ከተገኘ ያን ጊዜ ይታሰብበታል። የሚያንስ ከሆነም የከሰርሽው የጥቂት ሜትር ጨርቅ ዋጋ ነው፤ የእቁብሽ ገንዘብ በእጅሽ፣ ሦስቱ ልጆችሽም በቀን ሥራሽ እንጀራ ላይ ናቸው።