ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አዲስ አበባ ውስጥ የትራንስፖርት ክርክር በተነሳ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ይገዛ?» የሚል ነው። አንበሳ አርጅቷል፣ ባቡር ይምጣ ተባለ። ባቡሩ አልበቃ ሲል ሸገር መጣ። ቀጥሎ ባለ ሁለት ፎቁ ተከተለ። አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሆኗል። አንድ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እኛም ለአንድ ሁለት ወር ደስ ይለናል። ከዚያ ሰልፉ ወደነበረበት ይመለሳል።

እኛ ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ሌላ ጥያቄ ነው። ዕቃው ከተገዛ በኋላ በየቀኑ የሚያስኬደውን ገንዘብ ማን ይከፍላል? ከየትኛው ኪስ? በየትኛው ሕግ? ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ የሚገዛው ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዝናብ የሚመታው ብረት ይሆናል ብለን እናምናለን።

ቀላል ባቡሩን እንውሰድ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር ሥራ ጀመረ። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 41 ባቡር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። ከዚህ ወጪ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። የትኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ሆነ። ሕዝቡም ወደደው፣ ጠዋት ጠዋት ተጠቅጥቆ ይሄድበት ጀመር።

ችግሩ ግን ያኔውኑ ሒሳቡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ብድሩ በዶላር ነው። መለዋወጫው በዶላር ነው። ትኬቱ ግን በብር ነው። ባቡሩ ሲመረቅ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከ100 ብር አለፈ። በሌላ አነጋገር አንድ ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ያኔ 21 ሚሊዮን ብር ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን ብር በላይ ይፈልጋል። ምንዛሪው እዚህ ሳይደርስ ገና በ2015 ዓ.ም. እንኳ በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ከ41ዱ ባቡሮች የሚንቀሳቀሱት ከግማሽ በታች ነበሩ።

ይህን የሰማ ሰው «ቻይናዎች የማይረባ ዕቃ ሸጡልን» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «እኛ አያያዝ አናውቅበትም» ይላል። ከሁለቱም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ምርጥ ባቡር ተገዝቶ ምርጥ መካኒክ ቢቀጠርም፣ ለመለዋወጫ በየዓመቱ የተመደበ ቋሚ ገንዘብ ከሌለ ውጤቱ ያው ነው። አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አዲሱን ለማምጣት ስንሯሯጥ በእጃችን ያለው ይቆማል።

«እንግዲያው ታሪፍ ይጨመርና ተሳፋሪው ይክፈል» የሚሉ አሉ። በአንድ በኩል ልክ ናቸው፤ ዋጋ ለዘላለም አይቆምም። ግን የዓለም ትልልቅ ከተሞች አብዛኞቹ የትራንስፖርታቸውን ሙሉ ወጪ ከትኬት ብቻ አይሸፍኑም፤ አዲስ አበባ ደግሞ የብዙ ሰው ደመወዝ ከእጅ ወደ አፍ የሆነባት ከተማ ናት። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚኖረው ከሥራው ርቆ ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ገብቷል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከመሀል ከተማ የተነሳውም አብዛኛው ወደ ዳር ነው የወጣው። ባቡሩ ግን አያት ሲደርስ ያበቃል። ፒያሳ እያለች በእግሯ ሥራ ትሄድ የነበረች እናት አሁን ሁለትና ሦስት ታክሲ ትቀያይራለች። ቤቱን ወደ ዳር ያወጣው የከተማው ውሳኔ ሆኖ ሳለ የመንገዱን ወጪ በሙሉ ለእሷ መተው ፍትሕ አይመስለንም።

ታሪፍ ዝቅ አድርጎ ያለ ድጎማ መተውም መፍትሔ አይደለም። ሰማያዊ ነጭ ሚኒባሶቻችንን ተመልከቱ። ታሪፉ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ታፔላውም ተሰቅሏል። የተጻፈው ዋጋ ወጪውን አልሸፍን ሲለው ባለታክሲው ምን ያደርጋል? መንገዱን ይቆራርጠዋል። ከመገናኛ ሜክሲኮ መሄድ ያለበት መኪና ግማሽ መንገድ ላይ «መጨረሻ ነው» ይላል። ተሳፋሪው ወርዶ እንደገና ይሰለፋል፣ እንደገና ይከፍላል። ሲመሽ ደግሞ ጭራሽ መኪናው ይጠፋል። ስለዚህ ርካሽ የተባለው ታሪፍ በተዘዋዋሪ ይከፈላል፤ ከፊሉ በብር፣ ከፊሉ በሰልፍ ላይ በሚያልቅ ሰዓት። ረዳቱን መሳደብ ቀላል ነው። ሒሳቡን ያበላሸው ግን ረዳቱ አይደለም።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላላውን የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ አንስቶ ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ የታለመ ድጎማ ማድረግ ሲጀምር ሐሳቡን ደግፈን ነበር። የቪ8 ቤንዚን በድሃ ገንዘብ ለምን ይደጎማል? አሁንም እንደግፈዋለን። በ2017 ዓ.ም. ግን ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አለፈ። ከጠቅላላው ድጎማ የዳነው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ከዚያ ውስጥ ስንቱ ወደ አውቶቡስ እንደሄደ ለተሳፋሪው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

እንግዲህ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የእኛ መልስ ለከተማው ትራንስፖርት ብቻ የሚውል፣ በሕግ የታሰረ ፈንድ ይቋቋም የሚል ነው። ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ እየተቆረጠ መንገድ እንዲጠገንበት ታስቦ ነው። መኪና ለሚሄድበት አስፋልት ፈንድ ካለን፣ በመኪናው ለሚሄደው ሰው የማይኖርበት ምክንያት የለም።

የፈንዱ የመጀመሪያ ምንጭ መሬት መሆን አለበት። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከተማው በሊዝ ያከራየዋል። ጥሩ መስመር ያለፈበት ሰፈር የመሬቱ ዋጋ ይጨምራል። ጭማሪው የመጣው በሕዝብ ገንዘብ ነውና ከዚያ ሰፈር የሊዝ ገቢ የተወሰነው ድርሻ ወደ መስመሩ ይመለስ። ሆንግ ኮንግ የባቡር ኩባንያዋን ጣቢያው ላይና አጠገቡ እንዲያለማ እየፈቀደች ሐዲድ የዘረጋችው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የግል መኪና ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 መሀል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ ክፍያ ስትጥል የተጣራው ገቢ ለትራንስፖርት እንዲውል በሕግ ደንግጋ ነው። እኛ ከፓርኪንግ እንጀምር። ሦስተኛው ትልልቅ ቀጣሪዎች ናቸው። ፓሪስ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ድርጅቶች ከሚከፍሉት ደመወዝ ላይ የሚሰላ የትራንስፖርት ግብር ታስከፍላለች። ሠራተኛው በሰዓቱ ሲደርስ የሚጠቀመው ቀጣሪውም ነውና። ለመንግሥት ሠራተኛ ነፃ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ መመደቡ ቀጣሪ ለሠራተኛው መንገድ መክፈል እንደሚችል ያሳያል። ለጽዳት ሠራተኛዋና ለሱቅ ሻጩ ግን ማን ይክፈል?

ስለ ማስፋፋትም አንድ ነገር እንበል። ከሁሉ የረከሰው ማስፋፊያ አዲስ አውቶቡስ አይደለም፤ ያለውን አውቶቡስ ማፍጠን ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚመላለስ አውቶቡስ የራሱ መስመር ተከልሎለት ስድስት ጊዜ ከተመላለሰ፣ በሁለት አውቶቡስ የሦስት አውቶቡስ ሥራ ሠራን ማለት ነው። ቀለምና ድንበር ጠባቂ ትራፊክ ዶላር አይጠይቁም። የሚጠይቁት መኪና ያለውን ሰው ለማስከፋት መድፈርን ብቻ ነው።

«ሌላ ፈንድ፣ ሌላ የሚበላ ካዝና» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ስጋቱ ትክክል ነው፣ እኛም እንጋራዋለን። ለዚህ ነው ፈንዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየሦስት ወሩ ሒሳቡን ይለጥፍ የምንለው። ስንት ብር ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ባቡርና አውቶቡስ በሥራ ላይ አለ፣ ስንቱ ቆሟል። ይህ በየፌርማታው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በትልቁ ይጻፍ። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ለማንበብ ጊዜ አለው።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን አዲስ አውቶቡስ ሲያስመርቅ ጋዜጠኞች «ስንት ሰው ይጭናል?» ብለው ብቻ አይመለሱ። «የዛሬ አምስት ዓመት ጎማው ሲያልቅ በየትኛው ገንዘብ ይቀየራል?» ብለው ይጠይቁልን። መልስ ካለ እኛም እናጨበጭባለን። ከሌለ ግን መቀሱ ትንሽ ይቆይ።

ቸር ይግጠመን።