ማኅደር የሌለው ሽጉጥ ማንን ነው የሚጠብቀው?

ሽጉጥ የሚለው ቃል ራሱ ጉዳችንን ይናገራል። «ሸጎጠ» ከሚለው የተወለደ ነው፤ የተሸጎጠ፣ ከልብስ ሥር የተወሸቀ ማለት ነው። እኛም ቃሉን እንዳለ ተቀብለን ስንሸጉጥ ኖረናል። ቡሬ መናኸሪያ ጥግ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የታዘበ ሰው፣ አንዱ ወገቡን አሥር ጊዜ ሲዳብስ ቢያይ ምን እንደተሸጎጠ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገውም። አንዱ በቀበቶና በሥጋው መካከል፣ ሌላው በሱሪ ኪሱ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር፣ ሦስተኛው በጋቢው እጥፋት፣ አራተኛው በፌስታል ጠቅልሎ ከዘንቢል ሥር ይይዘዋል። ማኅደር ያለው ሰው ግን በጣት ይቆጠራል።

እንዴት ነው ነገሩ? ለቢላችን አፎት፣ ለጎራዴያችን ሰገባ፣ ለዳዊታችን ማኅደር የሠራን ሕዝቦች ነን። በአንዲት ጣት እንቅስቃሴ ሰው ለሚገድለው ዕቃ ግን ቤት ነፍገነዋል!

ከወዲሁ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ጸሐፊ «ሁሉም ይታጠቅ» የሚል ስብከት ሊሰብክ አልተነሳም። ፈቃድ የሌለው ሰው ሽጉጥ እንዲይዝ ማበረታታትም ዓላማው አይደለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1996 በደንብሌን ከተማ ትምህርት ቤት ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት ለግለሰብ ሽጉጥ መያዝን ከሞላ ጎደል ከለከለች። እኛም አንድ ቀን እዚያ ብንደርስ የሚጠላ የለም። ነገር ግን እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ሰው በሌሊት በሩን ዘግቶ መተኛት፣ በቀን መንገድ ወጥቶ መመለስ መቻል አለበት። እስከዚያው ሽጉጡ በየወገቡ አለ። ባለቤቱም ሆነ ባለሥልጣኑ ያልጠየቁት ጥያቄ ደግሞ «አለህ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «እንዴት ነው የያዝከው?» የሚለው ነው።

ጠመንጃ በግልጽ፣ ሽጉጥ በስውር

የጎጃም ሰው ከመሣሪያ ጋር ያለው ዝምድና የዛሬ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ፣ አምስት ዓመት ሙሉ እረፍት የነሳው አርበኛ ጠመንጃውን በእጁ ይዞ ነበር። ከጠላት የማረከውም ነበረበት። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ሲነሳም፣ ከመሬቱ ቀጥሎ ስስቱ ለመሣሪያው ነበር። መሬትና ጠመንጃ እዚህ አገር ተነጣጥለው አያውቁም።

ያ ጠመንጃ ግን ይታይ ነበር። ውጅግራም ሆነ ምንሽር፣ ኋላም ክላሽ፣ ትከሻ ላይ ተነግቶ ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ሰው ሁሉ ያየዋል። ሽማግሌው ያየዋል፣ ባላንጣው ያየዋል፣ ሚስቱም ታየዋለች። ድግስ ሲገባ ከግድግዳ ይሰቀላል። ሁለት ሰዎች ቢጋጩ ገላጋዩ መጀመሪያ የሚይዘው አፈሙዙን ነው፤ የት እንዳለ ያውቀዋልና። የሚታይ መሣሪያ ባለቤቱን ይሉኝታ ያሲዘዋል። የተሸጎጠውን ግን ማን ይገላግለዋል?

ዛሬ ሽጉጡ በስውር የበዛበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ፍርሃት ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መገባደጃ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፈርሳሉ ተባለ፤ «ትጥቅ ሊያስፈቱን ነው» የሚለው ሥጋት አገሩን አዳረሰ። በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ ወር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በአየርና በከባድ መሣሪያ ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች ስለመጎዳታቸው ተዓማኒ መረጃ እንደደረሰው አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሰው ታግቶ ብር ይጠየቅበታል። አንዱ ታጣቂ ሲፈትሽ ሌላው ይነጥቃል።

በዚህ መሐል ትከሻ ላይ የተነገተ ክላሽ «እኔን ያዙኝ» ማለት ሆነ። ስለዚህ ረጅሙ ከጎተራ ሥር ገባ፣ አጭሩ ወገብ ውስጥ ገባ። በየኬላው ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ በመኪና ተጭኖ ተያዘ ሲባል ስንሰማ ዓመታት አስቆጥረናል። ያልተያዘው የት እንደደረሰ የሚነግረን ግን የለም።

«ሰይጣን ነው የተኮሰው»

ሽጉጥ ሳይታሰብ ሲባርቅ በእኛ አገር ተከሳሹ የታወቀ ነው፤ ሰይጣን! ሰይጣን ግን ምላጭ የሚስብበት ጣት የለውም። ምላጩን የሚስበው የጋቢ ጥለት ነው፣ የኪስ ቁልፍ ነው፣ የጃኬት ገመድ ነው፣ የሚንሸራተተውን ሽጉጥ ለመያዝ በድንጋጤ የተሰደደ የባለቤቱ ጣት ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር ብንሄድ እንኳ ታሪኩ አንድ ነው። ፕላክሲኮ በረስ የሚባል አሜሪካዊ የእግር ኳስ ኮከብ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ለኒውዮርክ ጃይንትስ የዋንጫውን ማሸነፊያ ያገባ ጀግና ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማንሐተን በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ ያለማኅደር በላስቲክ ሱሪው ወገብ የሻጠው ግሎክ ሽጉጥ ወደ እግሩ ተንሸራተተ። ሊይዘው ሲል ባረቀና ጭኑን መታው። የኒውዮርክ ፈቃድም ስላልነበረው 2 ዓመት ተፈረደበት። ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ሰው የጥቂት አሥር ዶላር ማኅደር አልነበረውም!

እሱ ጭኑን ተመታና ዳነ። በእኛ አገር ሽጉጥ የሚባርቀው ሰው በታጨቀበት ሚኒባስ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት፣ ጠላ በሚጠጣበት አግዳሚ ላይ ነው። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ መንገዱም ክፍት ስለመሆኑ ዋስ የለም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ለገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ይላል። ከዚያ በላይ ግን ደም አለ። የሟች ወገን «ሳያስበው ነው» ቢባል ላይሰማ ይችላል። ሳይታሰብ የባረቀች አንዲት ጥይት ሁለት ዘር ታቃቅራለች።

መሣሪያዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ቶካሬቭ የሚባለው የድሮ የሶቪየት ሽጉጥ ሲሠራ የእጅ መቆለፊያ አልተደረገለትም፤ መዶሻው በግማሽ ተስቦ ከመቆሙ በስተቀር የሚያግደው የለም። ማካሮቭ መቆለፊያ አለው፤ ወደ ላይ ሲሆን ይቆለፋል፣ ወደ ታች ሲሆን ይከፈታል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከቀበቶና ከሥጋ ጋር የሚፋተግ መቆለፊያ ማታ የት ላይ እንደሚገኝ ማን ያውቃል? የድሮው ባለ ስድስት ጎራሽ ኮልት ደግሞ መዶሻው ከጎረሰ ጥይት ራስ ላይ ከተኛ፣ ወድቆ መሬት ሲመታ ሊተኩስ ይችላል። ፈረንጆቹ ራሳቸው በዚህ ምክንያት አምስት ብቻ አጉርሰው አንዱን ባዶ ይተዉት ነበር። «የእኔ አይባርቅም» የሚል ሰው ሽጉጡን አያውቀውም ማለት ነው።

ማኅደር ሲመረጥ

እንግዲህ በሕጋዊ ፈቃድ የያዘና መያዝም ግድ የሆነበት ሰው ምን ዓይነት ማኅደር ይምረጥ? ነገሩ ረቂቅ ሳይንስ አይደለም።

የመጀመሪያው ምላጩ ነው። ማኅደሩ ምላጩንና በዙሪያው ያለውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። መሸፈን ብቻ አይበቃም፤ በውጭ በኩል በጣት ቢጫኑት ወደ ምላጩ የማይገባ ድርቅ ያለ መሆን አለበት። ከስስ ጨርቅ የተሰፋ፣ ለስልክ ታስቦ የተሠራ ቦርሳ ማኅደር አይባልም። ዕድሜ የጠገበና የላላ ቆዳም እንዲሁ። አፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ አሮጌ ቆዳ፣ ሽጉጡ ሲመለስ እጥፋቱ ምላጩ ላይ ገብቶ ሊስበው ይችላል። እንዲህ ያለውን ማኅደር መጣል እንጂ መጠገን አያዋጣም።

ሁለተኛው መያዙ ነው። ካዝናውን አውጥታችሁ፣ ያጎረሰውን ጥይት አራግፋችሁ፣ ባዶ መሆኑንም በዓይንና በጣት ሁለቴ አረጋግጣችሁ ሽጉጡን ማኅደሩ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ ገልብጣችሁ ከአልጋ በላይ አራግፉት። ከወደቀ ያ ማኅደር ለእናንተ አይሆንም። በባጃጅ መንገጫገጭ፣ አጥር መዝለል፣ በግርግር መገፋፋት ላለበት ሰው ደግሞ ከላይ በቁልፍ የሚያዝ ማሰሪያ ወይም ክዳን ያለው ይሻላል። የሶቪየት ወታደር ለማካሮቩ የተሰጠው የቆዳ ማኅደር ክዳን ያለው፣ የትርፍ ካዝና ኪስም የነበረው ነው። ከእርሱ ሲወጣ አይፈጥንም፤ በራሱ ጊዜ ግን አይወጣም። ለእኛ ኑሮ የሚያዋጣው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሦስተኛው ልክነቱ ነው። ጫማ በልክ እንደሚገዛ ሁሉ ማኅደርም በሽጉጡ ልክ ይሰፋል። ለስታር የተሠራው ለማካሮቭ «ይገባል» ማለት ይሆናል ማለት አይደለም። ሰፊው ሽጉጡን ያስወድቃል፣ ጠባቡ መቆለፊያውን እየገፋ ይከፍታል።

አራተኛው ቀበቶው ነው። ማኅደር የቱንም ያህል ቢያምር ከላላ ቀበቶ ወይም ከላስቲክ ሱሪ ጋር ዋጋ የለውም። ደንደን ያለ፣ በማኅደሩ ማስገቢያ ልክ የሆነ የቆዳ ቀበቶ ያስፈልጋል። የሚታሰረውም በጎን ቢሆን ይመረጣል። ከፊት እምብርት ሥር የሻጠ ሰው ሲቀመጥ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ ራሱ ያስበው። በብብት ሥር የሚንጠለጠለውም ቢሆን አፈሙዙ ከኋላ የቆመውን ሰው እንዳያይ መጠንቀቅ ነው።

የመጨረሻው ልማድ ነው። ሽጉጥ ወደ ማኅደሩ ሲመለስ ችኮላ አያስፈልግም፤ ጋቢውንና የሸሚዙን ጫፍ በሌላው እጅ ገለል አድርጎ፣ ጣትን ከምላጩ አርቆ፣ በዓይን እያዩ ነው። በሰላም ቀን ጥይት አጉርሶ መዞር ምን ይባላል? ቤት ሲገባም ከነማኅደሩ ተፈትቶ፣ ጥይቱ ለብቻ፣ ሽጉጡ ለብቻ ይቆለፋል። ትራስ ሥር ማኅደር አይደለም፣ ቁም ሣጥን ላይም ማኅደር አይደለም። ልጅ የማያገኘው ቦታ የለም። መጠጥ የሚጠጣ ደግሞ ቤቱ ትቶት ይውጣ፤ ለሰካራም የሚሆን ማኅደር እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ይህን ሁሉ ሊሠራ የሚችል እጅ እኛው ዘንድ አለ። ዝናር የሰፋው፣ የዳዊት ማኅደር የሠራው፣ ኮርቻ ያለበሰው ያው ባለሙያ ነው። «ፋቂ» እያልን በንቀት ስንጠራው ኖረን፣ ዛሬ ነፍሳችንን የሚያድን ዕቃ የምናገኘው ከእርሱ እጅ ነው። ሸማቹ ባዶ ሽጉጡን ይዞ በልኩ ማሠራት ሲችል የስልክ ቦርሳ የሚገዛው ለምንድን ነው?

መንግሥትስ?

በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጸደቀ። ቁጥጥሩም ለፌዴራል ፖሊስ ተሰጠ። አዋጅ መውጣቱ ባልከፋ። ነገር ግን እዚህ አካባቢ ገበሬው የሚያውቀው የቁጥጥር ፊት አንድ ብቻ ነው፤ ፍተሻ! ፈታሹ «ወረቀት አለህ?» ይላል። ወረቀት ከሌለ ይነጥቃል፤ ወረቀቱ ቢኖርም በዚህ ዘመን መንጠቁ አይቀርም የሚል ፍርሃት አለ። «በምን ይዘኸዋል? ጥይቱን የት ታስቀምጣለህ? ልጆች አሉህ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ፈታሽ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

ለመኪና መንጃ ፈቃድ ሰው ይማራል፣ ይፈተናል፣ ፍሬን መያዝ ያሳያል። ለሽጉጥስ ቢያንስ የግማሽ ቀን ትምህርት ምን ይከብዳል? ማኅደሩን ይዞ መጥቶ፣ አውጥቶና መልሶ፣ ማራገፍ መቻሉን ያላሳየ ሰው ፈቃድ ባይሰጠው ማን ይጎዳል? ትጥቅ ማስፈታት በሚል ዘመቻ የሚፈሰው ጉልበት ለዚህ ቢውል ኖሮ ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር!

አንድ ነገር ደግሞ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ሰውን በማስፈራራት መሣሪያውን ማስጣል አይቻልም። ማስፈራራት የሚያስደብቀው ብቻ ነው። የተደበቀ መሣሪያ ደግሞ ማኅደር አይሠራለትም፣ ባለሙያ አያየውም፣ ሽማግሌ አይገላግለውም። በፍርሃት የተሸጎጠ ሽጉጥ ከፍተሻው ቢያመልጥም ከባለቤቱ ልጅ አያመልጥም። ስለዚህ ለሥልጣን ባለቤቶች የምንለው አጭር ነው፤ መጀመሪያ መንገዱን ሰላም አድርጉ፣ ከዚያ ወገባችንን ፈትሹ። ጫካም ሆነ ከተማ ያላችሁ ሌሎች ታጣቂዎችም፣ ሕዝቡን በእገታና በንጥቂያ ሽጉጥ እያስጨበጣችሁት ነውና ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም።

አንባቢ ሆይ! ሰላሙ እስኪመጣ ድረስ ግን ነገሩ በእጅህ ነው። ያለ ፈቃድ የያዝከው ከሆነ አርፈህ ተወው። በፈቃድ ከሆነና ግድ ካልሆነብህ ቤትህ ቆልፍበት። ግድ ከሆነብህ ደግሞ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትሄደው ቆዳ ሠሪው ዘንድ ይሁን። ባዶውን ይዘህ ሂድ፤ ጥይቱን ቤት ትተህ።